አየሩንስ ማን ያጥበዋል?

በከተሞቻችን ክሊኒኮች ወደ መስታወት ሕንፃ እየገቡ ነው። ምድር ቤቱ ላይ ፋርማሲና ካፌ፣ ከላይ ባንክ፣ ከባንኩ በላይ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች መስታወት ስለለበሰ መስኮቱ ወይ አይከፈትም፣ ወይ በጠባቡ ነው የሚገፋው። እንዲህ ባለ ፎቅ ላይ የኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ የሰውነትን ውስጥ የማያ፣ ክፍል ሲታሰብ ማን ምን ማለት እንዳለበት ለማየት ሁለት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። አንደኛዋ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ሐኪም በማገዝና ኢንዶስኮፕ በማጠብ ያሳለፉ ሲስተር ናቸው። ሁለተኛው የክፍሉን ንድፍ የሠራ ወጣት መሐንዲስ ነው። ሰዎቹን ያገናኘኋቸው እኔ ብሆንም ክርክሩን እኔ አልፈጠርኩትም፤ በየሕንፃው ያለ ነው። የሚያሳዝነው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

መሐንዲስ፦ ይኸው ሲስተር። መግቢያው በዚህ ነው፤ ታካሚዎች የሚጠብቁበት እዚህ፣ የምርመራው ክፍል ከጀርባ፣ ማገገሚያው ከጎኑ። የዕቃ ማጠቢያውን መሃል አድርጌዋለሁ፤ ለሁሉም ቅርብ እንዲሆን።

ሲስተር፦ ማጠቢያው መስኮት የለውም?

መሐንዲስ፦ የለውም። መስታወቱ ያለበትን ጎን ለመጠበቂያውና ለሐኪሞቹ ቢሮ ሰጥቼዋለሁ። ብርሃኑ ለሰው ይሁን ብዬ ነው።

ሲስተር፦ ማጠቢያው ውስጥም ሰው አለ ልጄ። ታካሚው ግማሽ ሰዓት ተኝቶ ይወጣል፤ ሐኪሙ ገባ ወጣ ይላል። ዕቃ አጣቢዋ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነች። ደግሞ የምርመራው ክፍልም መስኮት የለውም።

መሐንዲስ፦ ለሁለቱም ኤሲ አስገብቻለሁ። ሙቀት አይኖርም።

ሲስተር፦ ኤሲው አየሩን ከየት ያመጣል?

መሐንዲስ፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ነው። የክፍሉን አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዛል፣ መልሶ ይለቃል።

ሲስተር፦ ከውጭ የሚያስገባው የለም?

መሐንዲስ፦ የለም።

ሲስተር፦ እንግዲያው አቀዘቀዘው እንጂ አልለወጠውም። ታካሚው ሲስል ያወጣው ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ እየዞረ ይውላል።

መሐንዲስ፦ እኔ እስከማውቀው ኢንዶስኮፒ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ የዕቃው ንጽሕና ነው። ቱቦው ይታጠባል፣ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል፣ ይለቀለቃል። አየሩ ይህን ያህል ያስፈራል?

ሲስተር፦ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በዕቃው በኩል የሚሄደው ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት አንድ ሰው ሳንባው በብሮንኮስኮፕ ታየ። ያው ዕቃ ለሌሎች ታካሚዎችም ዋለ፤ ያው የቲቢ ዝርያ ሌሎቹም ላይ ተገኘ። ሲጣራ የዕቃው አስተጣጠብ ጉድለት ነበረበት፤ ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይነከርም ነበር። ጥናቱ በ1997 ታትሟል። ለዚህኛው መንገድ ግን ሥርዓት አለን። ኧርል ስፖልዲንግ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር የሕክምና ዕቃዎችን ለሦስት ከፈላቸው፦ ንጹሕ የሰውነት ክፍል ውስጥ የሚገባው ፈጽሞ ከሕያው ተሕዋስያን ይጽዳ፤ እንደ ኢንዶስኮፕ የጉሮሮና የአንጀትን ስስ ሽፋን የሚነካው በከፍተኛ ፀረ ተሕዋስያን ይታከም፤ ጤነኛ ቆዳ ብቻ የሚነካው ይታጠብ።

መሐንዲስ፦ በሚነኩት ነገር ነዋ የለያቸው።

ሲስተር፦ አዎ፣ በመንካት። ትክክል ነው፤ ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው። ግን ማንንም ሳይነካ የሚበክለውን ዕቃ የትኛው ምድብ ውስጥ ታስገባዋለህ?

መሐንዲስ፦ ይህን ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትምህርት ላይ ሳለን ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ማሽን ተምረናል። የታካሚውን ደም ለማቀዝቀዝና ለማሞቅ ውኃ የሚያዞር ማሽን አለ። ውኃው ከታካሚው ጋር አይገናኝም፤ በቱቦ ውስጥ ተዘግቶ ይሄዳል። ሆኖም ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ከጊዜ በኋላ ማይኮባክቴሪየም ኪሜራ በሚባል የቲቢ ዘመድ በሆነ ባክቴሪያ ታመሙ። ኋላ ሌሎች አገሮችም ላይ ታየ። ባክቴሪያው የማሽኑ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተገኘ። የማሽኑ ማራገቢያ በደቃቅ ጠብታ መልክ ወደ ክፍሉ ይነፋው ነበር፤ ከዚያ የተከፈተው ደረት ላይ ያርፋል።

ሲስተር፦ አየህ፣ ራስህ ጨረስከው። ማሽኑ ሰውየውን አልነካውም።

መሐንዲስ፦ ግን ያ ማራገቢያ ያለው ትልቅ ማሽን ነው። ኢንዶስኮፕ ቱቦ ነው።

ሲስተር፦ ቱቦ ብቻ አይደለም። ጨጓራው እንዲዘረጋ አየር ይነፋል፤ በሌላው ቀዳዳ ፈሳሽ ይስባል። ታካሚው ያቅለሸልሸዋል፣ ያገሳል፣ ይስላል። ናሙና ለመቁረጥ መቆንጠጫውን በላስቲክ ክዳኑ በኩል ታስገባና ስትስበው፣ ውስጥ የታመቀው አየር ፈሳሹን ይዞ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። የሐኪሙ ፊት ደግሞ ከቀዳዳው ብዙም አይርቅም። እኔ መቆንጠጫው ሲወጣ ቀዳዳው ላይ የጋዝ ጨርቅ ይዤ በቀስታ ነው የማወጣው። ከአልጋው ሥር ያለው የሳክሽን ማሽንስ? ከጉሮሮ የሳበውን ፈሳሽ ጠርሙሱ ውስጥ ያስቀራል፤ የሳበውን አየር ግን በጀርባው ያወጣዋል። በጠርሙሱና በሞተሩ መካከል ማጣሪያ ከሌለ፣ ወይም ማጣሪያው ርሶ ካለቀ፣ የወጣው ወለል ወለሉን ይበተናል።

መሐንዲስ፦ ማጣሪያ መኖሩን አውቃለሁ። ግን ስንገዛ መለዋወጫውን አብረን አናዝም። ይህን እጽፈዋለሁ።

ሲስተር፦ ጻፈው። ብሮንኮስኮፒ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ አንድ የአሜሪካ ዘገባ አለ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ተኝቷል፤ ቲቢ እንዳለበት ማንም አላወቀም። የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት ብሮንኮስኮፒ ተደረገለት። በዚያን ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት መካከል ቀድሞ ቲቢ ያልነካቸው 13 ሰዎች ነበሩ። በኋላ የቆዳ ምርመራ ሲደረግላቸው 10ሩ ተይዘው ተገኙ። አልጋው ላይ የተኙት እነሱ አይደሉም፤ ዕቃውም ሰውነታቸው ውስጥ አልገባም። የሠሩት ሥራቸውን ነው፤ የተነፈሱት ግን የዚያን ክፍል አየር ነበር።

መሐንዲስ፦ ከ13 ሰው 10!

ሲስተር፦ እኔ ዕቃ እያጠብኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለ ዕቃ ስንት ሥልጠና ወስጃለሁ። አንድም ቀን ግን የምንተነፍሰው አየር በሰዓት ስንት ጊዜ ይለወጣል ብሎ የጠየቀ አለቃ አላየሁም። ሁላችንም አገራችን ምን እንደሆነች እናውቃለን፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ በብዛት ካለባቸው 30 አገሮች መዝገብ ላይ ኢትዮጵያ አለች።

መሐንዲስ፦ አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ያስያዛቸው አየሩ መሆኑ በምን ታወቀ? እጃቸው ሊሆን ይችላል፤ አክታ ነክተው ይሆናል።

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ከአንተ በፊት የጠየቁ አሉ። ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ባልቲሞር በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አንድ ሙከራ አደረጉ። ስድስት ክፍል ያለው የቲቢ ማስተኛ ነበር። ከክፍሎቹ የሚወጣውን አየር በቱቦ ወስደው ጊኒ ፒግ የሚባሉት የቤተ ሙከራ እንስሳት ወዳሉበት ክፍል አደረሱት። እንስሳቱ ታካሚዎቹን አላዩም፣ አልነኩም፤ የደረሳቸው አየሩ ብቻ ነው። ታመሙ። በሌላ በኩል ያንኑ አየር በአልትራቫዮሌት ብርሃን አሳልፈው የሰጧቸው እንስሳት ግን አልታመሙም።

መሐንዲስ፦ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰበብ የለውም።

ሲስተር፦ ትልልቁ ጠብታ ክብደት ስላለው ቶሎ ይወድቃል፤ ወለል ላይ ታጸዳዋለህ። ትንሹ ግን ገና በአየር ላይ ሳለ ውኃው ይደርቅና ፍሬው ይቀራል። ያ ፍሬ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። መጠኑም ሳንባ ጥልቅ ድረስ የሚገባበት መጠን ነው። በረኪና ይዘህ ወለሉን ብትፈትግ አታገኘውም።

እዚህ ላይ መሐንዲሱ ካልኩሌተሩን አወጣ። እስካሁን የሚሰማ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእርሱ ሙያ ነው። እንደኔ እምነት የእነዚህ ሁለት ሰዎች ጉዳይ የሚገናኘው በትክክል እዚህ ቦታ ነው፤ ነርሷ አደጋው የት እንደሚፈጠር ታውቃለች፣ እሱ ደግሞ አየርን በሜትር ኩብ መለካት ይችላል። በአንድ ክፍል ንድፍ ላይ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ከቀሩ አንዳቸው ብቻቸውን የትም አይደርሱም።

መሐንዲስ፦ ክፍሉ 5 ሜትር በ4 ነው፤ ቁመቱ 3። 60 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ለብሮንኮስኮፒ የሚጠየቀው ስንት ነው?

ሲስተር፦ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለአዲስ ክፍል በሰዓት 12 ጊዜ ይለወጥ ይላል። ክፍሉም ወደ ውስጥ የሚስብ እንዲሆን፤ በሩ ቢከፈት አየሩ ከኮሪደሩ ወደ ክፍሉ ይግባ እንጂ ከክፍሉ ወደ ኮሪደሩ አይውጣ።

መሐንዲስ፦ 60 በ12፣ 720 ሜትር ኩብ በሰዓት። ይህ ከባድ አይደለም፤ አንድ ደህና የአየር ማውጫ ፋን ይወጣዋል። ቁጥሩ ለታካሚዎች ቀጠሮ ምን ማለት ነው?

ሲስተር፦ አንድ ሰው ስሎ ከወጣ በኋላ አየር ላይ ካለው ከ100 እጅ 99ኙ እስኪወገድ፣ በሰዓት 12 ጊዜ ከተለወጠ 23 ደቂቃ ይፈጃል። 6 ጊዜ ከሆነ 46 ደቂቃ። 2 ጊዜ ብቻ ከሆነ 138 ደቂቃ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ማለት ነው። ያም አየሩ ክፍሉ ውስጥ በደንብ ከተቀላቀለ ነው፤ ጥግ ላይ የሚተኛ አየር ካለ ይረዝማል። አንተ ባቀድከው በተዘጋው ክፍል 2 ጊዜም መድረሱን እንጃ። በዚያ መሃል ሦስት ታካሚ ገብቶ ይወጣል።

መሐንዲስ፦ ገባኝ። ፋኑ ይግባ። መስኮቱ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ አልታየኝም። ፋኑ ሥራውን ከሠራ መስኮት አቧራና ዝንብ ከማስገባት በቀር ምን ይጨምራል? እዚህ ከታች መንገድ እየተቆፈረ ነው።

ሲስተር፦ መብራት ሲጠፋስ?

መሐንዲስ፦ ጄኔሬተር አለ።

ሲስተር፦ ጄኔሬተሩ የሚያነሣው መጀመሪያ ማሳያውን፣ ሳክሽኑን፣ መብራቱን ነው። ፋኑ ከዚያ መስመር ላይ ካልተገጠመ አብሮ ይሞታል። መብራት ቢጠፋ መስኮት አይጠፋም።

መሐንዲስ፦ እሺ፣ ፋኑን ጄኔሬተሩ መስመር ላይ አስገባዋለሁ። ስለ መስኮት ካነሡ እኔም የማውቀው ጥናት አለ። ፔሩ፣ ሊማ ውስጥ የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። በስምንት ሆስፒታሎች የሚገኙ መስኮታቸው የሚከፈት 70 ክፍሎችን ለኩ። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት አሮጌ ክፍሎች በሰዓት 40 ጊዜ ያህል አየር ይለውጣሉ። አዲሶቹ 17። በማሽን አየር የሚገባላቸው፣ በደረጃው መሠረት የተሠሩት ክፍሎች ደግሞ 12።

ሲስተር፦ አሮጌዎቹ ሁሉንም በለጡ?

መሐንዲስ፦ በለጡ። ግን እኔ ከዚህ ተነሥቼ ፋኑን ይጣሉ አልልም። ንፋስ አይታዘዝም። ጠዋት አንድ አቅጣጫ ይነፍሳል፣ ከሰዓት ሌላ። አራተኛ ፎቅ ላይ ንፋሱ ከመስኮት ገብቶ የምርመራውን ክፍል አየር ወደ መጠበቂያው ሊገፋው ይችላል። መጠበቂያው ላይ ደግሞ አረጋውያን፣ ካንሰር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡር አስታማሚዎች ይቀመጣሉ። እርስዎ የጠየቁት አቅጣጫውንም ነው፤ አቅጣጫ የሚጠብቀው ፋን ነው።

ሲስተር፦ ይሄ እውነት ነው። እኔ መስኮት ስል አቅጣጫውን አላሰብኩትም።

መሐንዲስ፦ ስለዚህ ሁለቱም ይኑሩ። በሥራ ሰዓት በሩ ይዘጋ፣ ፋኑ ከታካሚው ራስጌ በኩል አየሩን ይሳብ፣ ከኮሪደሩ በበሩ ሥር ንጹሕ አየር ይግባ። መስኮቱ ደግሞ በሁለት ታካሚዎች መካከልና መብራት ሲጠፋ ይከፈት። ይህ እንዲሆን የምርመራው ክፍል ወደ ውጭኛው ግድግዳ መምጣት አለበት።

ሲስተር፦ የሚወጣው አየር የት ይሄዳል?

መሐንዲስ፦ በመጀመሪያው ንድፍ ቢሆን ኖሮ ከካፌው ሰገነት በላይ ነበር የሚወጣው። አይሆንም። ሌላ አየር የሚገባበት መስኮትና ሰው ከሚቀመጥበት ቦታ ቢያንስ 7 ሜትር ተኩል መራቅ አለበት። በጀርባ በኩል በቱቦ ወደ ጣሪያው አወጣዋለሁ።

ሲስተር፦ መስኮቱን ስትከፍት ታካሚው ምን እንደሚልህ ታውቃለህ? «ብርድ ይመታኛል፣ ዝጉት።» ታክሲ ውስጥ ያየኸው ነው። ሰው ሳልን አይፈራም፤ ንፋስን ይፈራል። ከሌሊት ጀምሮ ምግብ ያልቀመሰ፣ ማደንዣ የወሰደ ሰው ደግሞ በእርግጥ ይበርደዋል። ስለዚህ ብርድ ልብስ አስበህ አስገባ፤ ለማገገሚያው ጭምር። ካልለበሰ ቤተሰቡ ራሱ ተነሥቶ ይዘጋዋል።

መሐንዲስ፦ ብርድ ልብስ በንድፍ ውስጥ ጽፌ አላውቅም።

ሲስተር፦ ቁም ሣጥኑን ጻፍ፤ ብርድ ልብሱን እኔ እሞላዋለሁ። አሁን ወደ ማጠቢያው እንሂድ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

መሐንዲስ፦ ማጠቢያው ውስጥ የሚስል ታካሚ የለም እኮ።

ሲስተር፦ ታካሚው የለም፤ ከታካሚው የወጣው ግን አለ። ዕቃው ከአልጋው ላይ ሲነሣ ወዲያው ይጠረጋል፣ ሳሙና ያለው ውኃ ይሳብበታል፤ ካደረ ይደርቅና ማንም አያወጣውም። ከዚያ ወደ ማጠቢያው ይመጣል። ቀዳዳ ካለው እንዲታወቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይፈተሻል። ከዚያ ረጅም ብሩሽ በውስጡ ይገባል። ይህ ብሩሽ ከሌላው ጫፍ ሲወጣ ፀጉሩ ታጥፎ የነበረው ይፈታል፤ ይረጫል። ውኃው ውስጥ ሳለ ከወጣ ውኃው ይይዘዋል። ሲንኩ ትንሽ ከሆነ ግን ልጅቷ ቱቦውን ከውኃው በላይ አንሥታ ነው የምትቦርሸው፤ ፊቷ ላይ ነው የሚረጨው። ስለዚህ የምሰጥህ ልክ አለ። ሲንኩ ሰፊ ይሁን፣ ጥልቅ ይሁን፤ ኢንዶስኮፑ ሳይተጣጠፍ ሙሉ በሙሉ ይስጠም።

መሐንዲስ፦ እኔ የወጥ ቤት ሲንክ ነበር ያሰብኩት።

ሲስተር፦ ብዙ ቦታ የሚገጠመው እሱ ነው። ሲንኩም ሁለት ይሁን፤ የቆሸሸውና የጸዳው አንድ ቦታ አይገናኙ። በመጨረሻ ደግሞ ዕቃው ይደርቃል። አልኮል ይሳብበትና በተጨመቀ አየር ይነፋል። ርጥብ ሆኖ ካደረ ባክቴሪያ ሌሊቱን ሲራባ ያድራል። በደንብ ያልታጠበ ቱቦ ላይ የተጨመቀ አየር ከለቀቅክ ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ ክፍሉ ላይ ነፋኸው ማለት ነው። ለዚህ ነው መታጠቡ ከመነከሩ ይበልጣል የምለው። ኬሚካሉ ቆሻሻን አያጥብም። መንከሪያው ግሉታራልዲሃይድ ደምና ንፍጥ ላይ ሲያርፍ ፕሮቲኑን ቱቦው ላይ ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ በብሩሽም አይለቅም።

መሐንዲስ፦ ስለ ሽታውም ሰምቻለሁ።

ሲስተር፦ ሽታ ብቻ ቢሆን። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ለዓመታት የተነፈሰው ሰው አስም ሊይዘው ይችላል። ማስኩ ለጀርም እንጂ ለዚህ ተን አይሆንም። ክዳን የሌለው ባልዲ ውስጥ ግሉታራልዲሃይድ ሞልተው፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ኤሲ ከፍተው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ሲያስላቸው ጉንፋን ነው ይላሉ። ለጀርሙም ለተኑም የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አየሩ ወደ ውጭ ይውጣ።

መሐንዲስ፦ ታዲያ ኮርኒሱ ላይ ፋን ልግጠም?

ሲስተር፦ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ከላይ ከሳበው ተኑ ከባልዲው ተነሥቶ በፊቷ በኩል አልፎ ነው የሚወጣው። ተኑ ከአየር ይከብዳል። የሚስበው አፍ መንከሪያው አጠገብ፣ በእሱ ቁመት ይሁን፤ ከእሷ አርቆ ወደ ኋላ ይሳበው። መንከሪያውም ክዳን ይኑረው።

መሐንዲስ፦ ይህን መጽሐፍ ላይ አላየሁትም።

ሲስተር፦ ቆመህ ብታጥብ ኖሮ በአንድ ቀን ታውቀው ነበር።

መሐንዲስ፦ እንግዲያው ማጠቢያውም ወደ ውጭኛው ግድግዳ ይምጣ። የሐኪሞቹ ቢሮ መሃል ይግባ። ሐኪሞቹ አይወዱትም።

ሲስተር፦ ሐኪሞቹን እኔ አናግራቸዋለሁ። አብረውኝ ስንት ዓመት የሠሩ ናቸው፤ እነሱም የሚተነፍሱት ያንኑ ነው።

መሐንዲስ፦ ሲስተር፣ ፋኑና መስኮቱ ይህን ሁሉ ከሠሩ ማስኩ ለምን? ኮቪድ ጊዜ ሁሉም ያደርግ ነበር፤ አሁን ግን የሚታየው ተራው ማስክ ነው።

ሲስተር፦ ተራው ማስክ የሚያደርገው ሰው የሚያወጣውን ይይዛል፤ ስለዚህ ለሚያስለው ታካሚ ጥሩ ነው፤ መጠበቂያው ላይ ስጠው። የምንተነፍሰውን ግን በጎን በኩል ያስገባል። ለእኛ ኤን 95 ነው የሚያስፈልገው። እሱም ፊት ላይ ካልገጠመ ከተራው አይለይም፤ ጢም ካለ አይገጥምም። ሐኪምን ጢምህን ተላጭ ብዬ ተጣልቻለሁ፤ ደግሜም እጣላለሁ። ግን ማስክ የመጨረሻው ነው። ክፍሉ ያላስወገደውን ይይዛል እንጂ የክፍሉን ሥራ አይሠራም። ከሁሉ በፊት ያለው ደግሞ ጥያቄ ነው።

መሐንዲስ፦ የምን ጥያቄ?

ሲስተር፦ ሰው ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ይመጣል። ከስቷል፣ ምግብ አይበላም። ካንሰር እንዳይሆን ተብሎ ኢንዶስኮፒ ይታዘዝለታል። ማንም ሳል አለህ ወይ አላለውም። እኔ ወረቀቱን ስቀበል እጠይቃለሁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል አለህ? ትኩሳት? ሌሊት ያልብሃል? ክብደትህ ቀንሷል? አዎ ካለ አክታው አስቀድሞ ይመርመር፤ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መመርመሪያ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውጤት ይደርሳል። ቲቢ ከተገኘና ኢንዶስኮፒው ካላስቸኮለ ሕክምናውን ይጀምርና ይመለስ። የሚያስቸኩል ከሆነ የቀኑ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ከእሱ በኋላ ማንም አይገባም፣ ክፍሉም ሌሊቱን ሲተነፍስ ያድራል። ብሮንኮስኮፒ የታዘዘለት ሰው ሁሉ ደግሞ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ቲቢ እንዳለበት ተቆጥሮ ይሠራለት። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

መሐንዲስ፦ ይህ ለቀጠሮ አሰጣጡ ነው፤ የእኔ ንድፍ ውስጥ አይገባም።

ሲስተር፦ ይገባል። መጠበቂያው ላይ የሚያስለውን ለይቼ የማስቀምጥበት ቦታ ስጠኝ። ጠባብ ቢሆን ግድ የለም፤ በውጭኛው ግድግዳ በኩል፣ መስኮት አጠገብ ይሁን።

መሐንዲስ፦ ይቻላል። እዚህ ጋ አንድ ጥግ ቀርቶኛል። አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ፋኑን ገጥሜ፣ ለክቼ አስረክባለሁ። ከዓመት በኋላ ማጣሪያው በአቧራ ይዘጋል፣ ቀበቶው ይላላል፤ ድምፁ ግን ይሰማል። ሁሉም ይሠራል ብሎ ያስባል። ማን ያውቃል?

ሲስተር፦ ሰንደል አለ።

መሐንዲስ፦ ሰንደል?

ሲስተር፦ በሩን ዝጋ፣ ኮሪደሩ ላይ ተንበርከክ፣ የተለኮሰ ሰንደል በበሩ ሥር ያዝ። ጭሱ ወደ ክፍሉ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ አንተ ከመለሰው ወይም ቀጥ ብሎ ከወጣ ፋኑ ሞቷል። ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው ታካሚ ሳይገባ ይደረጋል። ውጤቱ ደብተር ላይ ይጻፋል።

መሐንዲስ፦ እኔ የግፊት መለኪያ ልገጥም ነበር። እሱም ይገጠም፤ በሩ አጠገብ፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ። ግን መለኪያም ይበላሻል። ሰንደሉን በርክክቡ ሰነድ ላይ እጽፈዋለሁ። ጭሱ ከተመለሰ በዚያ ቀን ብሮንኮስኮፒ አይሠራም ብዬም እጽፋለሁ። ይህን የማስቆም ሥልጣን የማን ይሁን?

ሲስተር፦ ሰንደሉን የያዘችው ልጅ።

መሐንዲስ፦ የዕቃ አጣቢዋ?

ሲስተር፦ እሷ ናት ቀኑን ሙሉ ውስጥ የምትውለው። ሥልጣኑ የሐኪሙ ከሆነ ታካሚ ተሰልፎ ሲያይ «ለዛሬ ብቻ» ይላል። የክሊኒኩ ባለቤት ከሆነ ጭራሽ አይደረግም።

መሐንዲስ፦ ባለቤቱ ይህን አይፈርሙም ሲስተር። ብርሃን ያለውን ግድግዳ ለማጠቢያ መስጠቱ አንድ፣ በታካሚዎች መካከል 23 ደቂቃ መጠበቁ ሁለት፣ አንዲት ዕቃ አጣቢ ሥራ ታስቁም መባሉ ሦስት። በቀን የሚያስተናግዱትን ታካሚ አስበው ነው ብድር የወሰዱት።

ሲስተር፦ 23 ደቂቃው ለብሮንኮስኮፒና ለሚያስለው ታካሚ ነው፤ እነሱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለምናስገባቸው ቀኑን አይበላባቸውም። ይህን በቁጥር አስልተህ አሳያቸው። ፋኑ ስንት እንደሚያወጣ፣ ማጣሪያው ስንት እንደሚያወጣም ጻፍ። አብረን እንገባለን። አንተ ስለ 720ው ትነግራቸዋለህ፤ እኔ ስለ 13ቱ ሰዎች እነግራቸዋለሁ።

መሐንዲስ፦ ኮርኒስ ሠሪዎቹ ማክሰኞ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የአየሩን ቱቦ ለማሳለፍ ማፍረስ ሊኖር ነው።

ሲስተር፦ እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሯቸው እንገናኝ። ንድፉን ዛሬ ማታ ቀይረው፤ ሲንኩን እንዳትረሳ፣ ጥልቅ ይሁን።